ድምፅ የሚደርስበት፣ እጅ የማይደርስበት

ልጄ የኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው ጎዳና ጀርባ አንዲት ምድር ቤት ተከራይታ የሥነ ጥበብ ትምህርቷን ትጨርስ ነበር። እኔ ታልፒዮት በሚባለው ሰፈር ጨርቅ እሸጣለሁ፤ በጎዳናው ላይ ላለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነጠላ ላደርስ ወደዚያ ስወጣ ብቅ እልባታለሁ። የመመረቂያ ሥራዋ የአሻንጉሊት ፊልም ነበር፤ የሰባት ደቂቃ። ታሪኩ ገና ያልመጣ ዘመን ነው፦ ፀሐይ ጠፍታለች፣ ውኃ የሚሰጠው ግንባሩ ላይ ቁጥር ለታተመበት ብቻ ነው፣ ቁጥር የሌላቸው ከከተማ ወጥተው በጨለማ ይጓዛሉ። ሰማዩን የሠራችው ከሱቄ በወሰደችው ጥቁር ገበር ነው። ከኋላው መብራት ስታበራበት ገበርነቱ ቀርቶ የሚያስፈራ ነገር ይሆናል።

አሻንጉሊቱን የፀጉር ታህል ታንቀሳቅስና ፎቶ ታነሳለች፤ ደግሞ የፀጉር ታህል።

«ዛሬ ስንት ሠራሽ?»

«አራት ሰከንድ።»

«እኔ እንዲህ ብነግድ ገበሩን ቀቅለን በበላን ነበር።»

«አባዬ፣ ዝም ብለህ እይ።»

አየሁ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። «የደከመ ሰው እግሩን እንዲህ አያነሳም፤ ይጎትታል» አልኳት። ሞከረችው። አሻንጉሊቷ ስትራመድ አረማመዷን አወቅሁት።

በሌላ ቀን ስገባ አንዱ አሻንጉሊት ያቺን እግሯን የምትጎትተውን በአሸዋ ቀብሮ ወደ ሰልፉ ሊቀላቀል ነው። እጄ ቀደመኝ፤ ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት።

«ምን ነካህ! የሦስት ቀን ልፋቴ እኮ ነው!»

«በእኛ ሃይማኖት ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ከሰው አይቀላቀልም።»

«ይሄ ወደፊት ነው፤ ሕግ የሚባል ጠፍቷል።»

«ወደዚህ አገር ለመድረስ በእግር ወደ ሱዳን ስንሄድም ሁሉ ነገር ጠፍቶብን ነበር። ይቺን ግን ጠበቅናት።»

ከካሜራው ቀና አለች። «ማንን ቀብረህ ነው?»

ስንት ዓመት የሸሸሁት ጥያቄ ነው። ደንበኛ ጉድለት ሲያይብኝ ወሬ ማዞር እችልበታለሁ፤ አሻንጉሊት በእጄ ይዤ ግን ወዴት ላዙረው?

«ታናሽ እህቴን» አልኩ። «ብቻዬን ነው የቀበርኳት። ሰባቱን ቀን አያትሽ ከፊት እያለቀሰች ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ። ድምፅ ይደርሳል፣ እጅ አይደርስም። ስጠራት አንድ ቀን እንኳ ዞራ አላየችኝም።»

 እናቴ ያልዞረችው እህትህን አላዳንካትም ብላ ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት።

ልጄ ቀባሪውን አሻንጉሊት ከሰልፉ ርቆ ብቻውን ከኋላ እንዲሄድ አድርጋ ሠራችው። ፊልሙ ሲታይ እናቴን ከምትኖርበት ከፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር አመጣናት፤ ከፊቴ ተቀመጠች። የልጄ መምህር አስቀድሞ ስለ ፊልሙ ሲናገር፣ በሰልፉና በኋለኛው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግሩም ቅንብር ነው አለ። ቅንብር! እኛ ያንን ስንቀነብር ማንም ነጥብ አልሰጠንም።

መብራቱ ጠፋ። የኋለኛው አሻንጉሊት ብቅ ሲል እናቴ ወንበሯ ላይ ዞረች። እጇ በጨለማ ፈልጎ ጉልበቴን ያዘ።

«ያን ጊዜ ብዞር» አለችኝ፣ «ሕጉን ጥዬ እመጣልህ ነበር።»

እጇን አልመለሰችም። ሸራው ላይ የኋለኛው አሻንጉሊት፣ አሁን እሱም፣ እግሩን ይጎትታል፤ ገና አልደረሰም።