ዛፍ ያወቀ ማሽን

ዳውንታውን ዴንቨር ባለ አንድ ላብራቶሪ፣ የሞቃት አገር ዛፎችን ደረቅ ቅጠል ለዲኤንኤ ምርመራ እፈጭ ነበር። ቁጭ ብሎ መፍጨት ለእኔ ዓይነቷ ቅብጥብጥ እስር ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ግን ወሬ ይዤ ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለው ቤታችን ገባሁ፤ በቅጠልም በቁመትም የማይገናኙ ሁለት ዛፎች፣ ዲኤንኤያቸው በማሽን ሲነበብ የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ተገኝተዋል።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! በማግስቱ የምወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ። እናቴ ዘመድ አለመሆናችንን ለማወቅ እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ስታስቆጥር፣ የእሱ ወገኖች አራተኛው ላይ ስም ጠፋባቸው።

"ምናችን ይመሳሰላል? እሱ ጥቁር ረጅም፣ እኔ ቀይ ድንክ!" አልኩ።

"የማይመሳሰሉ ዛፎች ዘመዳሞች ናቸው ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለች እናቴ። "ዛፍ ያወቀ ማሽን ሰው አያቅተውም። መርምረሽ አምጪ፤ አለዚያ ጋብቻ የለም።"

ልጁም አመናት። ከአናቱ ፀጉር ነቅሎ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"እኛ የምናየው የሚሊዮን ዓመት የዛፍ ዝምድና ነው፤ ማሽኑ ሰባት ቤት መቁጠር አይችልም" አልኩት።

"ለዛፍ ስትፈጪ እየዋልሽ ለእኔ አንድ ፀጉር ከበደሽ? አልፈልግህም በይኛ!"

መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኬንም አላነሳ አለ። እኔ ሳለቅስ እናቴ ሰሃን እያጠበች ሳቀች።

"እሰይ፣ ውጤቱ መጣልሽ" አለችኝ። "ዘመድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቶሎ አይጨክንም ነበር።"