ለቀስተኛ የተቀመጠበት ማዳበሪያ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ማዳበሪያ ከጋሪ ማውረድ ነበር። መንግሥት ዋጋውን በከፊል እየደጎመ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል የሚያከፋፍለውን ከሮቤ አስጭነን ሲናና ወረዳ ካለው ቤታችን ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ይዘን ሳሎን ግድግዳ ሥር በእንጨት ርብራብ ላይ ደረደርነው።

«ቀስ! እርጥበት ከነካው ያኮርፋል» አለኝ።

«አንተስ ዝናብ ሲመታህ ታኮርፍ የለ?»

ሳቀ። በዚያው ሳምንት ደረቱን ይዞ ወደቀ። ጎባ ሆስፒታል ወሰድነው፤ የመለስነው ሬሳውን ነው።

የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ያን ጊዜ ሌላ ሐዘን ቤት ነበሩ። ሰው ደግሞ ከጎባም ከገሰራም መጣ። መቀመጫ ሲጠፋ አንዷ ጎረቤቴ ጆንያዎቹ ላይ ጋቢ አንጥፋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይነሣ! ዝናብ የመታው ሁሉ ከነእርጥብ ልብሱ በየተራ ተቀመጠባቸው። አንድ ሽማግሌ «ዘንድሮስ መንግሥት መቀመጫም ደጎመን» ሲሉ፣ በዚያ ሐዘን መሃል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን አንዱን ጆንያ ነካሁት። ድንጋይ ሆኗል።

እኛ ጋ በኩታ ገጠም ነው የሚታረሰው። መሬታችን ጎን ለጎን የሆነ ሁሉ አንድ ዓይነት ስንዴ በአንድ ቀን እንዘራለን፤ ትራክተሩም ኮምባይነሩም ሳይቆራረጥ ያልፋል። በቀኑ ያልዘራ ከመስመሩ ይወጣል፤ በድጎማ የወሰደውንም ማዳበሪያ ለሚዘራ ይለቃል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ይህን ስለሚያውቅ ጋሪ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ መሬቱን የእኩል ስጪኝ፤ ማዳበሪያውንም ልጫነው። ድጎማው ለገበሬ ነው እንጂ ለለቅሶ ቤት አይደለም።»

«አንሣዋ!» አልኩት።

አንዱን አቅፎ ሞከረና መልሶ አስቀመጠው። «ይሄማ ግንብ ነው! በምን ልትዘሪው ነው?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

በማግሥቱ የኩታ ገጠሙ ሰብሳቢ፣ አዛውንቱ ጎረቤታችን ሀጂ መጡ።

«ኦቦሌቲ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። «አላህ ያጽናሽ። ከነገ ወዲያ እንዘራለን። ትደርሻለሽ?»

«እደርሳለሁ፣ ሀጂ።»

«አርባው ሳይወጣ እርሻ ገባች ብሎ ሰው ቢያወራስ?»

«የሚያወራው ማዳበሪያዬ ላይ የተቀመጠው ነው። መጀመሪያ መጥቶ ይሰባብርልኝ።»

«ወላሂ እውነትሽን ነው!» ብለው ወጡ። በቀልድ ያለፈ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በየቤቱ ዞረው ነግረው ኖሯል፤ ጠዋት ሴቶቹ ዘነዘናና ወንፊት ይዘው ግቢዬን ሞሉት። ሸራ ዘርግተን ስንወቅጥ ዋልን።

«ይሄ በጣም የጠጠረው ያንቺ መቀመጫ ነው» ትላለች አንዷ።

«አንቺ ስትነሺማ ርብራቡም ተንፍሷል!» ትመልሳለች ሌላዋ።

ባለቤቴ ሲዘራ ሳፋውን ይዤ አብሬው የምሄደው እኔ ነበርኩ። እርምጃውንና የእጁን አጣጣል አውቀዋለሁ። ማወቅና መበተን ግን የተለያዩ ናቸው። በዘር ቀን ጥቁር ቀሚሴን ከፍ አድርጌ ታጥቄ ስገባ እጄ ከበደኝ፤ ዘሩንም ማዳበሪያውንም አንድ ቦታ ላይ ከመረው።

«እጅሽን ፍቺው!» አሉ ሀጂ ከሩቅ።

ፈታሁት። ድንበሩ ላይ ቆሞ የሚያየኝ የባለቤቴ ወንድም ትንሽ ቆይቶ ወደ ማሳው ገባና ሳፋውን ከእጄ ተቀበለኝ።

«ዘለልሽ እኮ። ወደ ግራ በይ» አለ እያጉረመረመ። ወደ ግራ አልኩ። ትራክተሩ የእኛን መሬት ከሀጂ መሬት ሳይለይ አልፎ ሄደ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማዳበሪያውን ተሰልፌ የምወስደውም የምዘራውም እኔ ነኝ። ጆንያዎቹን ሳሎን አላስቀምጥም። መኝታ ቤት፣ ባለቤቴ ይተኛበት በነበረው በኩል እደረድራቸዋለሁ።