አድራሻዋ የማይታወቀው ሰርኬ

ኮልፌ ውስጥ ሰርኬ ወልደጊዮርጊስን የማያውቅ ሰው ካለ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። የታክሲ ረዳቶች እንኳ ፌርማታውን በስሟ ነው የሚጠሩት፤ "ሰርኬ ጋ ወራጅ አለ" ማለት እዚህ የተለመደ ነው። ልጅነቷ ካለፈ ጀምሮ እዚያው ቦታ ተቀምጣ ቆሎ ትሸጣለች። እኔ አጠገቧ ሽንኩርት ዘርግቼ እውላለሁ። ስለ እሷ የማወራው ተናድጄ ነውና ቃሌ ቢሻክር አትፍረዱብኝ።

ቆሎ የምትጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ከቆራሌው በኪሎ ትገዛለች። ሳታነብ ግን አትቀድም። በተለይ ማስታወቂያ ትወዳለች። ፀጉር በሳምንት ያበቅላል የተባለ ቅባት፣ ራዲዮ ለገዛ ጃንጥላ የሚመርቅ ሱቅ፣ "በስሜ የሚሰፋው ሰውዬ እኔ አይደለሁም" ብሎ ላገር ያሳወቀ ልብስ ሰፊ፣ ሁሉንም ጮክ ብላ ታነብልናለች። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃት እሷ የቅባቱ ባለቤት ራሱ መላጣ መሆኑን በፎቶግራፉ ታሳየናለች። ስስቅ ሽንኩርቴን የተሰረቅኩበት ቀን አለ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ግን አንድ ገጽ ለራሷ ብቻ አነበበች። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ። የፍርድ ቤት ጥሪ ነበር። ከሳሽ አቶ አማኑ ወልደጊዮርጊስ፣ ተከሳሽ ወይዘሮ ሰርኬ ወልደጊዮርጊስ፣ አድራሻ የማይታወቅ። በአስኮው የእናታቸው ቤት ጉዳይ እንድትቀርብ፣ ካልቀረበች በሌለችበት እንደሚታይ ይላል። ጋዜጣው የስድስት ዓመት ነው።

አማኑ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ገበያ ሲውሉ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ ቤቱን በሕይወት እያሉ ለእሱ እንደሰጡትና ፍርድ ቤትም እንዳጸደቀለት ነገራት። አመነችው። ወንድሟን ካላመነች ማንን ትመን? ከልጇ ከሉሲ ጋር በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ እየኖረች፣ የእናቴ ፈቃድ ነው ብላ አፏን ዘጋች።

የጋዜጣውን ቀን አየሁት። የእናታቸው ሙት ዓመት የተዘከረበት ሳምንት ነው። ዝክሩን ያወጣችው ሰርኬ ናት፤ በተከራየችበት ግቢ ድንኳን አስተክላ። የእድሩን ወንበር ተሸክሞ ያስገባው ማን መሰላችሁ? አማኑ። ቄሶቹን እስከ በሯ መርቶ ያመጣው አማኑ። ወጡ ጨው አንሶታል ብሎ የተቀናጣውም እሱ ነው። በዚያው ሳምንት ነው እህቴ የት እንዳለች አላውቅም ብሎ በጋዜጣ ያስጠራት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዕቃችንን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን በታክሲ አስኮ ሄድን። በሩን ራሱ ከፈተ። ወረቀቱን ስታሳየው አልደነገጠም፤ እኔን ያበገነኝም ይሄ ነው። ሰው ይሰማል፣ ግቡ አለን። ሰርኬ ከበሩ ንቅንቅ አላለችም።

"የት እንደምኖር አታውቅም ነበር?" አለችው።

"በጋዜጣ ወጥቷል እኮ፣ እትዬ። ጋዜጣ ስታነቢ ነው የምትውዪው፤ ያላየሽው አንቺ ነሽ።"

ልሰድበው አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ። እሱ ቀጠለና ሽማግሌ እንደሚልክ፣ ከፈለገች ደግሞ ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት እንደሚለቅላት ነገራት። እናቷ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ሊመጸውታት። ወረቀቱን አጥፋ ያዘችና ተመለስን። ታክሲ ውስጥ እሷ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን በንዴት አለቀስኩ።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው አቤቱታ የሚጽፉ አቶ ደመቀ የሚባሉ ሰው ዘንድ ሄድን። ነገሩን ሰምተው ጥርሳቸውን ፋቁና ዘዴ አመጡ። እኛም የእሱን አድራሻ አናውቅም እንበል፤ በጋዜጣ ይጠራ፤ ማን ጋዜጣ ያነባል? ሳይሰማ በሌለበት ይፈረድበታል። እውነቱን ልናገርና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሰይ፣ ይቅመሳት አልኩ።

ሰርኬ ግን ያን ሁሉ ቀን ያፈነችውን ድምፅ ያኔ አወጣችው። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

"እሱን ሁኚ ነው የሚሉኝ? ይምጣ። ዳኛው ፊት ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አላውቃትም ይበል።"

አቶ ደመቀ ዘዴያቸውን ትተው ብዕራቸውን አነሱ። ወረቀታቸውን አስተካከሉና የተከሳሽን አድራሻ ጠየቋት። አስኮ አለች። የቤቱን ቁጥር ሳታስብ በቃሏ ነገረቻቸው። ጽፈው ሊያልፉ ሲሉ እጇን ወረቀቱ ላይ አደረገች።

"እኔ የተወለድኩበት ቤት ነው" አለች። "እሱንም ይጻፉልኝ።"