ባለ አንድ ዓይኗ እመቤት

ሥዕሉ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። የተማረ እንግዳ ሁሉ ይተነትንልኛል፤ አንዱ አንገቷን ያደንቃል፣ ሌላው በቀሚሷ ጥልፍ ላይ ስለወደቀው ብርሃን ይሰብካል፣ ሌላው ደግሞ ፊቷ ላይ ምስጢራዊ ኩራት ያያል። ኩራት አይደለም፤ ንዴት ነው።

አክስቴ ናት። በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደ እሷ ኩታ የሚያምርባት ሴት አልነበረችም። ባሏ ለአርበኞች ስንቅ አቀበለ ተብሎ ታሰረ። ሥዕል የሚሞክር አንድ የጣሊያን ሹም፣ ተቀምጣ እንዲሥላት ከፈቀደች ባሏን እንደሚለቅላት በአስተርጓሚ ላከባት። ወርቋን አድርጋ፣ ዘመድ አስከትላ ሄዳ ተቀመጠች። ሹሙም ባሏንም ሥዕሉንም ሰጣት። ባሏ የገባ ዕለት የማርያም ማኅበርተኞቿ እልል ብለው፣ በልተው ጠጥተው ሄዱ።

በኋላ ሥዕሉን ግድግዳዋ ላይ አዩት። ሰውየው የሣላት ከጎን ነው። በአገሩ ይህ ክብር እንደሆነ ከመጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ነገሥታታቸውን ሳንቲም ላይ የሚቀርጿቸው እንዲያ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ግን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በአንድ ዓይን ከጎን የሚሣሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው። ፍርዱ ሳምንት አልፈጀም። ጣሊያኑ ራሱ ከሃዲነቷን መሰከረባት፣ ባሏን ያስፈታችው ማንን አሳልፋ ሰጥታ ይሆን ተባለ። ጣሊያን የሚናገረው ሁሉ ሐሰት ነው የሚል ሕዝብ ብሩሹን ብቻ አመነው!

በማኅበሩ ጽዋውን የተቀበለች ሴት የሚቀጥለውን ወር ትደግሳለች። ተራዋ ሲደርስ ጽዋውን ከፊቷ አሳልፈው ከጎኗ ለተቀመጠችው ሰጡ። በወሩ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልላ መጣች፤ ከጉልበቷ አጠገብ አቆመችው።

«ባሌን ያስፈታሁት በዚህ ፊቴ ነው። ዓይኔን ቁጠሩት» አለች።

ከሴቶቹ በዕድሜ ትልቋ ጽዋውን እንደያዘች አቀረቀረች። «እሜቴ፣ እኛ ምን አልን? ሥዕሉ ነው ያለ።»

«እንግዲያ ጽዋውን ለሥዕሉ ከልክሉት፤ ለእኔ ስጡኝ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። አልሰጧትምም። ጽዋው እንደገና አልፏት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ወር በገባ በሃያ አንድ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ፣ በሯን ከፍታ ትጠብቅ ነበር። የምንገባው ባሏ፣ እኔና ምጽዋት የሚለምን የኔ ቢጤ ብቻ ነበርን። ከማኅበርተኞቿ አንዲትም ደጇን አልረገጠች። ባሏ ሥዕሉን ላቃጥለው ቢላት እምቢ አለች፤ ከበሩ ትይዩ አዛውራ ሰቀለችው።