ባትሪ የደበቅኩበት መንደር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቀራንዮ

የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ፤ አየር ጤና ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሱቄን ለማስተዋወቅ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው መኪና በሚያይበት ቦታ እኔ የሚፈታ ዕቃ ብቻ እንደሚታየኝ እንድታውቁልኝ ነው። የዚህ ጉዞ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ዓይኔ ነው።

ባለቤቴ ሰሚራ በእናቷ ጉራጌ ናት። ተወልዳ ያደገችው ኮልፌ ስለሆነ ቋንቋውን ትሰማለች እንጂ አገሩን አይታው አታውቅም። ዘንድሮ ኅዳር ላይ «የእናቴን አገር ጉም በዓይኔ ካላየሁ» አለች። በድንኳን አንድ ሌሊት አድረን ልንመለስ ተስማማን። የቀረው መኪና ነበር፤ መኪናዋ ደግሞ የአማቼ የሐጂ ኑሪ ናት።

ዕድሜዋ ከሰሚራ የማያንስ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ድሮ በሳምንት ሁለት ቀን እኔ ደጅ ታድር ነበር። አምና ግን ከከተማ ወጣ ብለን አንድ ጫካ ዳር ድንኳን ተክለን፣ ውሃ ቀድተን ስንመለስ፣ ድንኳኑ ባዶውን ቆሞ ጠበቀን። ብርድ ልብሱም ምድጃውም ድስቱም የለም። ከመኪናዋ ላይ ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩና ሁለቱም የጎን መስታወቶች፣ ስፖኪዮዎቹ፣ ተነቅለው ሄደዋል። ሐጂ ያን ጊዜ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የጎደለውን ሁሉ ከሱቄ አውጥቼ ገጠምኩላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቁልፉን ስጠይቃቸው «እስቲ አያለሁ» ይሉኝ ጀመር፤ መኪናዋም ቀራንዮ እሳቸው ግቢ ቀረች።

ዘንድሮ ለልጃቸው ሲሉ ሰጡኝ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርገው ቶሎ አልለቀቁትም።

«ሙባረክ፣ እንደ ወሰድካት መልሳት። ሌላ አልልህም።»

«ኢንሻአላህ ሐጂ፣ አንድ ብሎን አይጎድልባትም» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። አሁንም ዕቃ ጎድሎባት ብመለስ፣ መኪናዋን ብቻ ሳይሆን እኚህን ሰው ለሁልጊዜው ማጣቴ እንደሆነ ይታወቀኝ ነበር።

ከአየር ጤና እስከ ወልቂጤ

አየር ጤናን እስክንወጣ ሚኒባሶቹ አላንቀሳቅስ ብለውን ነበር። ዓለም ገናንና ሰበታን ካለፍን በኋላ መንገዱ ተፍታታ። ተፍኪ ሜዳ ላይ ጤፉ ቢጫ ለብሷል። ከመንገዱ ዳር እሸት ሽምብራ የያዙ ሴቶች መኪና ባዩ ቁጥር እስሩን ከፍ ያደርጋሉ። ሰሚራ አንዱን እስር በሃምሳ ብር ገዝታ እስከ ቱሉ ቦሎ እየፈለፈለች አጎረሰችኝ፤ ልጣጩ አሁንም ከወንበሩ ሥር አልወጣም።

ወሊሶ ላይ ጨጨብሳ በማር በላን። እኔ ከመኪናዋ ዓይኔን የማልነቅልበት መስኮት አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት።

«ሙቤ፣ እኔንም አንዳንዴ እንደዚህ እየኝ» አለች።

«አንቺ ስፖኪዮ የለሽማ» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ወንበሬን አላዞርኩም።

ከወልቂጤ ወዲያ እንሰቱ መጣ። እምድብርን አልፈን ጠጠሩ መንገድ ላይ ስንወጣ ሰሚራ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችውና እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች። አቧራው ሁለታችንንም አለበሰን፤ ዝጊው ለማለት ግን አንጀቴ አልቻለም።

የመኪናው መንገድ የሚያልቀው አንዲት መንደር ጫፍ ላይ ነው። እዚያ አገር በሁለቱ ወገን ቤቶች የተደረደሩበት፣ መሐሉ ሰፊ አረንጓዴ መስክ የሆነ መንገድ አለ፤ ጀፎረ ይሉታል። ለቅሶም ሠርግም ስብሰባም እዚያው ነው። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ ስላየሁት ጎማ ላሳርፍበት አፈርኩና መኪናዋን ዳር ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር አቆምኳት። ከሩቅ እንጨት የተሸከመች ሴት አየችንና በእጇ ሰላም ብላን አለፈች። ሌላ ሰው አልነበረም።

እኔም ካቻቢቴዬን አወጣሁ።

መጀመሪያ ስፖኪዮዎቹን ፈታሁ። ከዚያ የዝናብ መጥረጊያዎቹን። ሁሉንም በፎጣ ጠቅልዬ የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቀጥዬ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን አወጣሁት። እሱን ተሸክሞ ድንኳን ወደምንተክልበት ኮረብታ መውጣት ስለማይቻል በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለልኩትና፣ መኪናዋ ከቆመችበት ትንሽ ራቅ ብሎ ካለ ቁጥቋጦ ሥር ደብቄ ቅጠል አለበስኩት።

ሰሚራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«ሞተሩንስ ለምን ትተወዋለህ? እኔ እሸከመዋለሁ» አለች።

«አምና ብትስቂብኝ ኖሮ ጥሩ ነበር።»

«አምናማ አልቅሻለሁ። ዘንድሮ ግን ልስቅ ነው የመጣሁት» አለችና ድንኳኑን ተሸክማ ፊት ፊት ወጣች።

ኮረብታው ላይ

ስለዚያ ኮረብታ ብዙ መጻፍ እችል ነበር። ጠዋት ከድንኳኑ ስንወጣ ጉሙ ከእግራችን በታች ነው። መንደሩ የለም፣ መንገዱ የለም፣ ዓለም በሙሉ ነጭ ሆኗል። ቀስ እያለ ሲገለጥ መጀመሪያ የዛፎች ጫፍ፣ ቀጥሎ የሣር ቤቶች ጉልላት፣ ከዚያ በጣም ሩቅ የጊቤ ሸለቆ ታየ። ሰሚራ ክንዴን ይዛ ቆመች። እናቷ የሞቱት ገና ልጅ ሳለች ነው። «እማዬ የምትነግረኝ ይሄንን ነበር» አለች በመጨረሻ። ደስ አለኝ። ባትሪዬንም ረሳሁት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል።

እሑድ፣ ስንወርድ

ሰሚራ ከኮረብታው ሥር ካለች አንዲት ምንጭ ጋ እግሯን ልትታጠብ ቀረች። እኔ አላስችል ብሎኝ ቀድሜ ወረድኩ። ቁጥቋጦውን አገኘሁት፣ ቅጠሉን ገለጥኩ፤ ከረጢቱ የለም።

በጉልበቴ ተንበርክኬ የሌለውን ነገር በሁለት እጄ እፈልግ ጀመር። የታዩኝ ሐጂ ነበሩ፤ ሳይቆጡ፣ ሳይናገሩ፣ ቁልፉን ብቻ ሲቀበሉኝ።

«ያዘው! ይኸው መጣልህ!»

ሦስት ሰዎች ከእንሰቱ መሐል ወጡ። አንዱ ክንዴን ጨመደደኝ።

«ወንድሞቼ፣ ሌባ አይደለሁም፤ ባለመኪናው ነኝ!»

«ባለመኪናውማ ከሚስቱ ጋር ኮረብታው ላይ ነው» አለኝ ክንዴን የያዘው፣ በንቀት እያየኝ። «ምስኪን፣ መዘረፉን እንኳ አላወቀም።»

ጀፎረው ላይ፣ አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ባትሪዬ ከነከረጢቱ መሐላቸው ነው። ትናንት ማታ ከብት የሚመልስ ሰው ቁጥቋጦው ሥር አግኝቶት ኖሯል። መኪናዋን ሲያዩዋት ስፖኪዮ የላት፣ መጥረጊያ የላት፤ «እንግዳ በጀፎራችን ተዘረፈ» ብለው መንደሩን ጠሩ። የቀረው ዕቃ እንዳይወሰድ ሌሊቱን በዚያ ብርድ እየተፈራረቁ መኪናዋን ጠበቁ፤ ሌባው ባትሪውን ሊወስድ ሲመጣ ሊይዙት ደግሞ ሰው አደፈጡ። የመጣሁትም የተያዝኩትም እኔ ነኝ።

ሰሚራ እየሮጠች ደረሰች። ሽማግሌዎቹ በጉራጊኛ የሚነጋገሩትን ቆማ አዳመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምን እያሉ ነው?» አልኳት።

«የተሰበሰቡት ሌባውን ሊረግሙት ነው» አለችኝና፣ መሐል ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞራ ጮኸች፤ «አባባ፣ እባክዎ አይርገሙት፣ ባሌ ነው!»

ሽማግሌው አባ ሽፋ ይባላሉ። በሐዘን አዩዋት።

«እኔን ልጄ፣ ሌባ ነው ያገባሽው?»

ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ቦርሳዬን ከፈትኩና ስፖኪዮዎቹንና መጥረጊያዎቹን አንድ በአንድ ሣሩ ላይ ደረደርኳቸው፤ ባትሪውንም የደበቅኩት ራሴ መሆኔን ተናገርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ክንዴን የያዘው ሰውዬ ለቀቀኝና ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ሳቁ ከእሱ ተነስቶ ጀፎረውን ሞላው። ሰሚራም ከእነሱ ወገን ሆና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

አባ ሽፋ ግን አልሳቁም።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። የደበቅከው ከማን ነው?»

«ከሌባ ነዋ፣ አባባ።»

«እዚህ ያለነው እኛ ነን። ሌባው እኛ ነን ማለት ነው?»

አቀርቅሬ ሣሩ ላይ የደረደርኩትን ዕቃ አየሁ።

«ስታቆማት ለማን አደራ አልክ?»

«ለማንም።»

«በራችን እኮ እዚህ ነው። አንኳኩተህ አንድ ቃል ብትለን ምን ነበረበት? ሳትለንም ጠበቅንልህ። ከእኛ የደበቅከውን ለአንተው ስንጠብቅ አደርን።»

አፈርኩ። የተቆጡኝ ቢሆን እከራከር ነበር፤ እሳቸው ግን የተናገሩት ቅር እንዳለው ሰው ነው። ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተነጋግረው ቅጣቴን ወሰኑ። ዕቃውን ሁሉ እዚያው ፊታቸው እገጥማለሁ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ለአባ ሽፋ አደራ እሰጣለሁ፣ ድንኳኔን ጠቅልዬ እሳቸው ቤት እንግዳ ሆኜ አድራለሁ።

እንደዚያ ያለ ቅጣት በየሳምንቱ ቢመጣብኝ አልጠላም። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ። ሰሚራ ከአባ ሽፋ ባለቤት ጋር በዚያች በተሰባበረች ጉራጊኛዋ ስታወራ አመሸች፤ የእናቷን አነጋገር ከሴትዮዋ አፍ ስትሰማ ዓይኗ እያበራ። መኪናዋ በሯ ሳይቆለፍ ጀፎረው ዳር አደረች። እኔም ተኛሁ። አንዴ ብቻ ተነስቼ በበሩ ቀዳዳ አይቻታለሁ፤ ይህንን ለአባ ሽፋ አልነገርኳቸውም።

ሰኞ፣ ቀራንዮ

ሐጂ ኑሪ በራቸውን ከፍተው መኪናዋን ዞሯት። ጎማውን ነካ አድርገው መጥረጊያውን ቀና አደረጉ። የግራውን ስፖኪዮ ሲይዙት ተወዛወዘ።

«ይሄ ተፈትቷል።»

መዋሸት እችል ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ከካቻቢቴው እስከ እርግማኑ። ሰሚራ «ባሌ ነው» ያለችበት ቦታ ላይ ስደርስ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። አምና ከጠፋው ዕቃ ወዲህ ከእኔ ጋር ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። ቁልፉን ስዘረጋላቸው እጄን መልሰው ዘጉት።

«አንተ ጋ ትደር» አሉኝ።

እኔ ደጅ ግቢ የሚባል ነገር የለም፤ መኪናዋ የምታድረው መንገዱ ላይ ነው። ሰፈሬ ደርሼ አቆምኳትና ከልማድ ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ከዚያ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ፊት ለፊታችን እትዬ ዘነበች አሉ፤ በራቸው ላይ ሽንኩርትና ከሰል የሚሸጡ፣ ከሰላምታ በቀር ብዙ ያላወራኋቸው ጎረቤቴ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«እትዬ፣ መኪናዋን አደራ።»

ሽንኩርቱን ትተው ቀና ብለው አዩኝ።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አሉኝ። «ድሮ ማታ ማታ መስታወቷን ነቅለህ ይዘህ ስትገባ፣ እኔን ፈርተህ ይመስለኝ ነበር እኮ።»

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ» አልኳቸው፤ ግን ከእሳቸው ካልሆነ ከማን እንደነበር ልነግራቸው አልቻልኩም።

«በል ግባ፣ ደክሞሃል» አሉኝና የተቀመጡበትን ዱካ ወደ መኪናዋ አዞሩት።