የኦክቶበር ዘጠኝ መሐረብ

እኔ ስጦታ የሰጠኝ ሰው ፊት ፈትቼ አላይም። እናቴ ወሎ ስታሳድገኝ «በሁለት እጅሽ ትቀበያለሽ፣ ትመርቂያለሽ፣ ቤትሽ ገብተሽ ታዪዋለሽ» ነበር የምትለኝ፤ እዚያው የሚፈታውን ልጅ ስግብግብ ትለዋለች። ዳላስ ይህን ያህል ዓመት ኖሬም አመሉ አልለቀቀኝም። አንድ ቀን ግን ጉድ ሠራኝ።

ያኔ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤት ኬርጊቨር፣ ማለት ተንከባካቢ፣ ነበርኩ። ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ ከሚባል አገር የመጡ ናቸው። ሚስታቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሪሀብ፣ ማገገሚያ ቤት፣ ገብተዋል፤ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ከቤት አይወጡም። በስልክ ግን በቀን ሦስቴ ይነታረካሉ። እኔ ሺፍቴን ስጨርስ ቤቴ ወዳለበት ወደ ሜስኪት ከመሄዴ በፊት ለሚስትየው የታጠበ ልብስ አደርሳለሁ።

ኦክቶበር ስምንት ቀን ሽማግሌው አልሞንድ አስፈጩኝ። ከስኳር ጋር ለወስነው፣ በእጃቸው ትናንሽ የብርቱካንና የሎሚ፣ በመጨረሻም ሁለት የርችት ቅርጽ ሠሩ። «ነገ የአገሬ በዓል ነው» አሉኝ። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ ክርስቲያን ንጉሥ ከተማዋን ከሙስሊሞች እጅ ወስዶ የገባበት ቀን ነው።

«ሶ፣ እኛ የተሸነፍንበት ቀን ነዋ! የራሴን ሽንፈት ነው እንዴ የሚያስለውሱኝ?» አልኳቸው ሂጃቤን እያስተካከልኩ።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ፍሬው እኮ የእናንተ ነው!» አሉ። እንደሚባለው ከሆነ ንጉሡና ንግሥቲቱ ሲገቡ፣ የከተማው ሙስሊሞች ናቸው የአትክልታቸውን ፍሬ በጨርቅ ቋጥረው የተቀበሏቸው። ርችቱስ? በኋላ ዘመን ሌላ ንጉሥ መጣና የቫሌንሲያን ሕግ ሻረ፣ ርችት መተኮስም ከለከለ። ጣፋጭ ሠሪዎቹ ታዲያ «እሺ፣ ጌታዬ» ብለው ርችቱን በሊጥ ሠሩት አሉ። የሚበላ ርችት ማን ይከለክላል? ወላሂ፣ እነዚያን ሰዎች ወደድኳቸው።

ዋናውን ነገር ግን ሽማግሌው ዘለሉት። ለእሳቸው ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው፣ ምን ብለው ይንገሩኝ?

በነጋታው የልብሱን ከረጢት ሳነሳ፣ ጣፋጩን በቀይ የሐር መሐረብ ቋጥረው «ይህንንም ያዢ» አሉኝ። ሆዴ ባባ። እዚህ አገር ለሠራተኛ ማን እንዲህ ያስባል? በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ «አላህ ዕድሜ ይስጥዎት» ብዬ መርቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሳቸው ግር ብሏቸው አዩኝ።

ሪሀብ ስደርስ ሚስትየው ልብሱን አንድ በአንድ አወጡ። ከዚያ የከረጢቱን ታች በእጃቸው ዳሰሱ።

«ሌላ የለም?»

«ይኸው ነው።»

«እሱ ደኅና ነው?»

«ደኅና ናቸው» አልኩ ወደ በሩ እያየሁ፤ ትራፊኩ ሳይዘጋ መውጣት ነው ሐሳቤ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ካልሲ የጎደለ መስሎኝ «ነገ አመጣለሁ» ብያቸው ሄድኩ።

ቤቴ ገብቼ ቋጠሮውን ፈታሁት። ባሌ ገና «ምንድን ነው?» ሳይል ሁለቱንም ርችት ጎረሳቸው። ይሄኔ ሽማግሌው ኮል አደረጉ።

«ምን አለች? እኔ ብደውል ብደውል አታነሳም!»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ መሐረቡ ነዋ!»

ለካ በዚያች ቀን ወንድ ለሚወዳት ሴት ነው ጣፋጭ በመሐረብ ቋጥሮ የሚሰጠው። ሴቶቹም መሐረቡን ዕድሜ ልካቸውን ያስቀምጡታል። እሳቸው ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ዓመት አላለፋቸውም። ያ ረቢ! የሰው ፍቅር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሜስኪት ይዤው መጣሁ! ባሌን «ትፋው!» አልኩት፤ እሱማ ውጦ እጁን ይልሳል።

የቀረውን መልሼ ቋጥሬ ወደ ሪሀቡ በረርኩ። ስድስት ሠላሳ አምስት የሚሉት ሃይዌይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ፊቴ ያለውን ሁሉ ስሰድብ ደረስኩ። የት ፓርክ እንዳደረግኩ እንኳ አላውቅም።

ሚስትየው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ቅድም ካመጣሁት ልብስ ውስጥ ጥቁሩን ሹራብ መርጠው ለብሰዋል። ስልካቸውን ትራስ ሥር ወሽቀውታል። ሲያዩኝ የአልጋውን ብረት ጨበጡ።

«አሁን ንገሪኝ» አሉ። «መቼ ነው የሞተው?»

ክው አልኩ። እኔንም እኮ የአባቴን ሞት ሁለት ሳምንት ሙሉ «ደኅና ናቸው» እያሉ ደብቀውኛል። መርዶ የጠረጠረ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እያየሁ ሳላይ ሄድኩ።

«ኧረ አልሞቱም! እኔ ልሙት!» ብዬ መሐረቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከእናቴ ምክር እስከ ባሌ ጉርሻ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እሳቸው እዚያው ፊቴ ፈቱት፤ ርችቶቹን ፈልገው ሲያጡ ዳሌያቸውን ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም።

«ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሊያረዱኝ ነው እያልኩ ፈራሁ» አሉኝ።

ስልኩን ከትራሱ ሥር አውጥቼ ደወልኩና ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ሽማግሌው ወዲያው አነሱ። ሚስትየው ግን የባላቸውን ድምፅ ብቻ ያዳምጣሉ። ሽማግሌው «ሃሎ? ሃሎ?» ሲሉ ለእኔም ይሰማል። በኋላ ሚስትየው በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ደጋግመው አሏቸው። ምን እንዳሉ ቆይቼ ጠየቅኋቸው።

«ሃሎ በለኝ፣ አሁንም ሃሎ በለኝ ነው ያልኩት» አሉኝ።