ቡሬ ላይ የቆመው መኪና

አጎቴ፣ ነፍስዎን ይማርና፣ እኔ ግን ተቀይሜዎታለሁ።

በየፋሲካው ማግስት እኛን የእህትዎን ልጆች ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ይወስዱን ነበር። "ተነሱ፣ ሙዚየም እንሂድ" ይሉናል። ሙዚየሙ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ የቆመው፣ ዕድሜዎን ሙሉ የነዱት አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ጫማችንን አስወልቀው በየተራ ጋቢና ያስገቡናል፤ መሪውን እያስያዙ፣ እህል ጭነው ዓባይ በረሃን እንዴት እንደወረዱ ይተርኩልናል። አንድ ዓመት በሩን ዘግተው ጆሮዬ ሥር፣ "ልጅ የለኝም፤ ስሞት ይህ መኪና ያንተ ነው። ለእህት ለወንድሞችህ እንዳትነግር" አሉኝ።

አልነገርኩም። ክብደቱ እንዲጨምር ውሃ የተረጨበትን በርበሬ አሽትቼ የምለይ ነጋዴ ሆኜ እንኳ የእርስዎን ቃል አልጠረጠርኩም። ክረምት በገባ ቁጥር ቡሬ እየሄድኩ በድብቅ ሸራ አለብሰው ነበር።

በሰልስትዎ ዕለት ታናሽ እህቴ፣ "መኪናዬን ዝናብ እንዳይመታው" አለች።

"የማን መኪና?" አለ ታላቅ ወንድማችን።

ለካ ለአራታችንም፣ እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ ያንኑ ነግረውናል! የተመረጥኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ያንገበገበኝ እሱ ነው እንጂ አሮጌ ብረትማ ለምኔ?

ከአርባዎ በኋላ ተያይዘን ቡሬ ሄድን። ለብቻዬ ጋቢና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። "ለምን አታለሉኝ?" ልልዎ አፌን ከፈትኩ።

እህቴ መስኮቱን አንኳኳች። "አንተ፣ ውረድ እንጂ! እኔም የምጠይቃቸው አለኝ።"